የጁኖ ተራ

ጁኖ ሦስተኛ ነበረች።

በሄድሊ ናንከርቪስ ማለቢያ ቤት ላሞቹን ማንም አያሰልፋቸውም። ራሳቸው ተገፋፍተው፣ ራሳቸው ተስማምተው ያወጡት ተራ አለ፤ አንዴ ከወጣ ጠዋትም ማታም አይዛነፍም። በሴፕቴምበር 1986 የሚታለቡት ስልሳ ሁለት ነበሩ። ዳችስ ትቀድማለች፤ ቬልቬት ትከተላለች፤ ከዚያ ጁኖ። መጨረሻዋ ሁልጊዜ ሰነፏ ማርታ ናት። ግቢውን ከማለቢያው በር የሚለየው ጥልቀቱ ስንዝር የማይሞላ የውሃ መውረጃ ቦይ ነው፤ ላሞቹ ቁልቁል ሳያዩ ይሻገሩታል። የሄድሊ አንድያ ልጅ ኬረንሳ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጎማ ቦቲዋን አጥልቃ በሩ ላይ ትቆምና እያንዳንዷን በስሟ እየጠራች ታስገባለች። «ዳችስ! ቬልቬት! ጁኖ!» ላሞቹ እሷ ስለጠራቻቸው የሚገቡ ይመስላት ነበር።

ሄድሊ ከአባቱ የወረሰው አንድ ደንብ ነበረው። ተራዋን የለቀቀች ላም ካለች ሥራህን አቁምና እያት። ወይ አንክሳለች፣ ወይ ግቷ ቆስሏል፣ ወይ ኮርማ ፈልጋለች። ያለ ምክንያት ቦታዋን የምትለቅ ላም የለችም።

በኦክቶበር መጀመሪያ ጁኖ ስድስተኛ ሆና ገባች። በወሩ አጋማሽ ወደ ሃያዎቹ ወረደች፤ ወሩ ሲያልቅ ከማርታ ኋላ ቆማ ተገኘች። ቦዩ ጋ ስትደርስ ትቆማለች፤ አንገቷን ደፍታ ታሸተዋለች፤ ከዚያ የኋላ እግሮቿን ከሚገባው በላይ አንስታ ወንዝ እንደምትሻገር ሁሉ ትዘለዋለች። ሄድሊ ሰኮናዋን አነሳ፣ ግቷን ዳበሰ፣ ሙቀቷን ለካ፣ ዓይኗን በባትሪ አየ። ምንም አላገኘም። እንደ በግ ገራም የነበረችው ጁኖ ግን እጁ ጎኗን ሲነካት ትራገጥ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት የማለቢያውን ማሽን ከግቷ ላይ አሽቀንጥራ ግድግዳው ላይ ሰባበረችው።

«ገበያ አውጣት» አለችው ሚስቱ ቤሪል።

«ምን ብዬ?»

«ላም ናት ብለህ ነዋ። አራት እግር፣ አንድ ጭራ።»

«መራገጧን ደብቄ ሸጫት የሰው ጥርስ ብታወልቅ፣ እሑድ ጸሎት ቤት በየትኛው ፊቴ እቀመጣለሁ? ከተናገርኩ ደግሞ ማን ይገዛታል?»

«እንግዲያው አብረሃት አርጅ።»

ናንከርቪሶች በየዓመቱ፣ ብርዱ ሳይጠና፣ አንዲት ላም አሳርደው የክረምቱን ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገባሉ። ለዚያ ዓመት የታሰበችው ማርታ ነበረች። ማርታ ግን ሰነፍ ትሁን እንጂ ጤነኛ ናት፤ ገዢ አታጣም። ጁኖን በንጹሕ ልብ ለሌላ ሰው ማሻገር አይቻልም። ስለዚህ ሄድሊ ማርታን ለገበያ፣ ጁኖን ለቤቱ አደረገ። ደህናዋን ለሰው፣ መጥፎዋን ለራሱ። በውሳኔው ረክቶ ነበር።

ቄራው ጁኖን በከረጢት በከረጢት አድርጎ መለሳት፤ ጭንቅላቷንም ለብቻ። ቤሪል እንደ ልማዷ አስቀድማ አንጎሉን አወጣች። የቀረውን በትልቁ ድስት ቀቅላ፣ ሥጋውን ፈልፍላ፣ በገዛ መረቁ እንዲረጋ አስቀመጠችው። አንጎሉን በቅቤ ጠብሳ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ላይ አደረገችው። ይህ የሄድሊ ድርሻ ነው፤ እሷ ሽታውንም አትወደው።

«ጁኖን አልበላም» አለች ኬረንሳ እጆቿን አጣምራ።

«ለምን?»

«ሦስተኛ ነበረቻ።»

ሄድሊ ሳቀ። ከአንዱ ዳቦ ግማሹን ቆርጦ ሳህኗ ላይ አስቀመጠላት። «ግቢ ውስጥ ነው እንጂ ሆድሽ ውስጥ አትራገጥም። ብዪ፣ የኔ ቆንጆ፤ ትምህርት ይገባሻል።»

ልጅቷ ላለመሳቅ ታገለችና ተሸነፈች። በላች። ጣፈጣት፤ ጨምሩልኝ ስትል አልቆ ነበር።

የላሞችን አንጎል የሚበላው አዲስ በሽታ ስሙ በጋዜጣ ሲወጣ ሄድሊ እንደ ሩቅ ሰው ወሬ ነበር ያነበበው። በ1988 ጸደይ ላይ ሮዛ የምትባለው ላም ቦዩ ጋ ቆመች። አንገቷን ደፍታ አሸተተችው። ሄድሊ የዚያኑ ዕለት የእንስሳት ሐኪሙን ሪዳውትን አስጠራ።

ሪዳውት ወደ ላሟ አልቀረበም። አጥሩ ላይ ተደግፎ ረዘም ላለ ጊዜ ሲያያት ቆየ። ከዚያ በኋላዋ ዞሮ አንዴ ብቻ በኃይል አጨበጨበ። ሮዛ ሁለመናዋ ብርግግ አለ፤ የኋላ እግሮቿ ተጠላለፉና በጎኗ ተዘረረች። በሩ ላይ የነበረችው ኬረንሳ ጮኸች።

«ተራዋን መቼ ለቀቀች?» አለ ሪዳውት።

«ሦስት ሳምንት ይሆናታል።»

«ካሁን በፊት እንዲህ ያለች አይተሃል?»

ሄድሊ ቦዩን እያየ «አላየሁም» አለ።

ሪዳውት በሽታው ከመኖ የመጣ እንደሆነ ነገረው። በከረጢት የሚሸጠው መኖ ውስጥ የሞቱ ከብቶች ሥጋና አጥንት እየተፈጨ ሲገባ ቆይቷል።

«ላምን ላም ሳበላ ኖሬያለሁ ነው የምትለኝ?»

«አንተ ብቻ አይደለህም። ሁላችንም አላወቅንም።»

«ለሰውስ?»

«ለሰው አያሰጋም ይላሉ።»

«አንተ ምን ትላለህ?»

ሐኪሙ ባልዲው ውስጥ እጁን ሲታጠብ ቆየ። «እኔን የጠየቀኝ የለም።»

«እኔ እየጠየቅሁህ ነው እኮ።»

«ለቤቴ የተፈጨ ሥጋ መግዛት ትቻለሁ» አለ ሪዳውት።

የሮዛን ሬሳ አቃጠሉት። ጭንቅላቷን ግን ከአንገቷ ቆርጠው ወደ መንግሥት ላቦራቶሪ ላኩት፤ ከአንጎሏ ሥር አንዲት ስስ ቁራጭ ወስደው በማጉያ መነጽር ሲያዩት ወንፊት ሆኖ ተገኘ። ከእሷ በኋላ በነበሩት ዓመታት አሥር ላሞች ተከታተሉ። ሄድሊ ከሦስተኛዋ ወዲህ ሐኪም ሳይጠራ ያውቅ ነበር። አነሳሷን፣ አረማመዷን፣ የጆሮዋን አጣጣል አይቶ ያውቃል። ጁኖን ግን ለማንም አላነሳም። እሱም ቤሪልም ልጅቷም ጤነኞች ነበሩ፤ ጤነኛ ሰው ፊት የሚነሳ ነገር አልነበረም።

ኬረንሳ አደገች። ትሩሮ ከተማ ፀጉር ቤት ገባች፤ ወሬዋ የማያልቅ፣ ደንበኞች ስሟን ጠርተው ቀጠሮ የሚይዙላት ሆነች። በ1994 መጨረሻ ላይ አንድ ሰኞ «ዛሬ አልሄድም» አለች። ማክሰኞም አልሄደችም። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፤ ምን ሆንሽ ሲሏት «ምንም» ትላለች፤ መልሷም እውነት ይመስል ነበር። የአካባቢው ሐኪም ጭንቀት ነው ብሎ ክኒን ሰጣት። ቤሪል ነገሩን ከወንድ ልጅ ፍቅር ጋር አያያዘችው። ሄድሊም ይሁን ብሎ ተቀበለ። የፍቅር ነገር ከሆነ ያልፋል።

ክረምቱ ሲወጣ እግሮቿን ያማት ጀመር። ብርድ ልብስ ሲነካት ታቃስታለች።

በ1995 ጁን ወር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቤሪል ንጹሕ አየር ይሻላታል ብላ ወደ ግቢ አስወጣቻት። ሄድሊ ማለብ ሊጀምር ነው። ኬረንሳ ቦቲዋን አጥልቃ እንደ ልጅነቷ ወደ በሩ መጣች። ቦዩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ ሳታየው የተሻገረችውን ቦይ ቁልቁል አየችው። ከዚያ አንድ እግሯን ከሚገባው በላይ አነሳች፤ እግሯ ማረፊያ እንደጠፋው ሁሉ አየር ላይ ትንሽ ቆየ።

ሄድሊ የቆርቆሮ ባልዲ ይዞ ነበር። ሳያስበው አደረገው ቢባል ውሸት ነው፤ አስቦበታል። ፍርሃቱ ልክ አለመሆኑን ማወቅ ፈለገ። ባትደነግጥ፣ ዞር ብላ ብትስቅበት፣ የዚያን ዕለት እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ኮቴውን አጥፍቶ በኋላዋ ዞረና ባልዲውን ሲሚንቶው ላይ ጣለው።

እጆቿ ወደ ላይ ተወረወሩ። ጉልበቷ ከዳትና በእጇና በጉልበቷ ወደቀች።

«አመለጠኝ!» አለ ሊያነሳት እየሮጠ።

«ባልዲ አምልጦህ አያውቅም።»

«እጄ ረጥቦ ነው።»

«አባዬ።» መዳፏ ተልጦ ይደማል፤ እሷ ግን እሱን ነበር የምታየው። «ሮዛ የወደቀች ዕለት በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሚስተር ሪዳውት ሲያጨበጭብ አይቻለሁ።»

ሄድሊ ዞሮ የወደቀውን ባልዲ አቃና።

«ታዲያ? አለፍኩ ወይስ ወደቅኩ?»

«ተነሺ። ልብስሽ ቆሸሸ።»

«ለእማዬ እንዳትነግራት።»

«የምነግራት ምን ነገር አለና?»

«እሺ» አለች ክንዱን ይዛ እየተነሳች። «የለም እንበል።»

በኦገስት ፕሊመዝ ትልቁ ሆስፒታል አስተኟት። የአንጎልና የነርቭ ሐኪሟ ዶክተር ላንግሪሽ ፈጠን ፈጠን እያለች የምትናገር፣ ነገር የማትሸፋፍን ሴት ነበረች። ስለ ጉዞ፣ ስለ ክኒን፣ ስለ ቤተሰብ በሽታ ጠየቀች። ሄድሊ ጥያቄው እስኪያልቅ ታገሠና «ላሞች አሉኝ» አለ።

«አዎ፣ ነግረውኛል።»

«አሥራ አንዱ በዚያ በሽታ ሄደዋል። የልጄን አረማመድ አውቀዋለሁ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሚስተር ናንከርቪስ፣ ይህን የሚመስል የሰው በሽታ አለ፤ አልክድዎትም። ግን የሚይዘው በስልሳ ዓመት አካባቢ ያሉትን ነው። የአንጎሏን ሞገድ ለክተናል፤ የዚያ በሽታ ምልክት የለበትም።»

«የላሞቼንስ ሞገድ ለክታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ለክተን አናውቅም።» እስክሪብቶዋን መልሳ አነሳች። «አንጎል በልታ ታውቃለች?»

ቤሪል ጎኑ ተቀምጣ ነበር። ሄድሊ ወደ እሷ አላየም። «አንዴ» አለ። «ልጅ ሆና።»

«ያን ጊዜ ሁሉም ሰው በልቷል» አለች ዶክተሯ፤ ለማጽናናት ነበር። «የአንጎል መቆጣት ሊሆን ይችላል። መድኃኒት አለው። እሱን እንሞክር።»

ሲመለሱ ቤሪል እስከ ታማር ድልድይ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ነበር። ድልድዩ መሃል ላይ «ግማሽ ዳቦ ነው የሰጠሃት» አለች።

ሄድሊ መሪውን ጨበጠ። «ታውቂ ነበር?»

«ማን የጠበሰው ይመስልሃል? ሮዛ ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ አላልሽም።»

«አንተስ?»

ከኋላቸው የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ሄድሊ መኪናው እያዘገመ እንደነበር አልታወቀውም።

«ሽጣት ብዬህ ነበር» አለች ቤሪል። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ድልድዩን ሲወጡ ደግሞ «ብትሸጣት የሌላ ሰው ልጅ ትበላት ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር በመካከላቸው ዳግም አላነሱትም፤ የሚከራከሩበት ነገር አልነበረም።

መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሰጧት። መጀመሪያ ሰሞን ተሳስሮ የነበረው አፏ የተፈታ መሰለ፤ ቤሪል ለጎረቤት ሁሉ ስልክ ደወለች። በሳምንቱ ተመልሶ ተያዘ። በኖቬምበር ወደ ቤት አመጧትና ሳሎኑ ውስጥ፣ ግቢው በሚታይበት መስኮት ሥር አስተኟት።

ከገና በፊት የእናቷን ስም አጣችው። ጥርሷን መፋቅ፣ ማንኪያ መያዝ፣ በየተራ ሄዱ። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በኋላ ቆየ። የማለቢያው ማሽን ተነስቶ ድምፁ ግቢውን ሲሞላ ዓይኗን ትገልጥና በተኮላተፈ አንደበት «ዳችስ፣ ቬልቬት፣ ጁኖ» ትላለች። ሦስቱም ከሞቱ ቆይተዋል። ሄድሊ ማለቡን ለተቀጣሪ ትቶ መስኮቱ ጋ ይቆምና ይሰማታል። በጃንዋሪ ሦስቱን ትጠራ ነበር። በፌብሩዋሪ «ዳችስ፣ ቬልቬት» ብላ ታቆማለች። ሄድሊ ሦስተኛዋን ይጠብቃል፤ አትመጣም። ማርች ሲገባ ማሽኑ ሲነሳ ዓይኗን ብቻ ትገልጥ ነበር።

በዚያው ወር ሚኒስትሩ ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ሲናገር በቴሌቪዥን አዩት። አሥር ሰዎች፣ በአብዛኛው ወጣቶች፣ አዲስ ዓይነት የአንጎል በሽታ፤ ምንጩ ሳይሆን አይቀርም የተባለው የከብት ሥጋ። ቤሪል ድምፁን ቀነሰችው። ልጅቷን የሚያነቃት መስሏት ነበር።

ሲመሻሽ በሩ ተንኳኳ። ሪዳውት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«አልጠራንህም» አለ ሄድሊ።

«አውቃለሁ።»

አስገባው። ነፋሱ በሩን በኋላቸው ሲዘጋው ጓ አለ፤ አልጋው ላይ የኬረንሳ እጅና እግር በአንድ ጊዜ ተወራጨ። ሪዳውት ባለበት ቆመ። እንደ ድሮው፣ ሳይቀርብ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አያት።

«ያኔ ስጠይቅህ» አለ ሄድሊ፣ «ከመናገርህ በፊት እጅህን ስትታጠብ ነበር።»

«ትዝ ይለኛል።»

«ምን ልትል ነበር?»

«አላውቅም ልል ነበር። አላውቅም የሚል ሐኪም ማን ይጠራል?» ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ ነበር። «ደግሞ ዘግይቶ ነበር፤ አይደል? እኔ ከመምጣቴ በፊት።»

«በዓመት ተኩል» አለ ሄድሊ።

ኬረንሳ በሜይ ወር አንድ ጠዋት ሞተች። ሃያ አንደኛ ልደቷ ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ማለቢያው ውስጥ ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ ቤሪል ሄዳ ተቀጣሪው እንዲያጠፋው ነገረችው፣ ግማሾቹ ላሞች ሳይታለቡ ግቢው ውስጥ ቆመው ሲጮሁ ዋሉ።

ዶክተር ላንግሪሽ ከፕሊመዝ ድረስ ራሷ መኪና ነድታ መጣች። ለመናገር ተቸግራ ነበር። «እርግጠኛ የሚሆነው በአንጎል ምርመራ ብቻ ነው» አለች በመጨረሻ። «ፈቃዳችሁ ከሆነ።»

«ጭንቅላቷን ነው የምትወስዱት?» አለ ሄድሊ።

«ኧረ አይደለም። አንጎሏን ብቻ። ፊቷ አይነካም።»

«ላሞቹን ከአንገታቸው ነው የሚቆርጧቸው።»

ዶክተሯ አቀረቀረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የዚያን ቀን እሷ ግማሽ ዳቦ በላች። እኔ አንድ ተኩል። ለምን እሷን?»

«አላውቅም።»

«በእኔ ላይ ገና ይመጣል?»

«እሱንም አላውቅም፣ ሚስተር ናንከርቪስ።»

ሄድሊ ራሱን ነቀነቀ። ይህን ቃል ከሐኪም አፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ አመናት። ፈረመ፤ እስክሪብቶውን ለቤሪል አቀበላት፤ እሷም ፈረመች።

ውጤቱ በጁላይ መጣ። ለአንዲት ላም አንድ ቁራጭ ይበቃ ነበር። ከኬረንሳ አንጎል ከተለያየ ቦታ አሥራ አራት ቁራጭ ወሰዱ። በአሥራ አራቱም ቀዳዳው ተገኘ።